ያ ሁሉ ውሃ የት ሄደ?

በየካ ባሕር የለም። በሰፈራችን «ባሕር» የሚለውን ቃል የምንሰማው በባሕር ዛፍ ስም ላይ ነው። ዛፉ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ መጥቶ እንጦጦን ስላለበሰው ሰዉ ይህን ስም አወጣለት። ስለዚህም ስለ ውቅያኖስ ማዕበልና ስለ አውሎ ነፋስ ዜና በሰማን ቁጥር «ተመስገን፣ እኛስ ደጋ ላይ ነን» እንልና ወደ ቡናችን እንመለሳለን።

እኔና ባለቤቴም እንዲሁ ነበርን። በአንድ የሐምሌ ቅዳሜ ያየነው ነገር ግን ሰማይን የምናይበትን ዓይን ለወጠው፤ እርስ በርስ የምንደማመጥበትንም ጆሮ ጭምር። ዛሬ እናንተንም በዚያው መንገድ ልወስዳችሁ እወዳለሁ። በተለይ ባለትዳሮች፣ እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ ተከተሉኝ።

ወደ ላይ

መነሻችን ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው። ከታክሲ ወርደን በጉራራ በኩል ሽቅብ እንሄዳለን። ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል፤ ፀሐይዋም ሞቅ ብላለች። ጥቂት እንደተጓዝን ቤቶቹ እየሳሱ የባሕር ዛፉ ሽታ ይቀበለናል። ዞር ብላችሁ ብታዩ ከተማይቱ ከእግራችሁ ሥር ተዘርግታለች። መገናኛ አካባቢ ከፍታው 2400 ሜትር ገደማ ሲሆን የእንጦጦ ጫፍ ግን ከ3000 ሜትር ይበልጣል። በየ100 ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚቀዘቅዝ፣ ታች ሸሚዝ የለበሰ ሰው ላይ ሲደርስ ጋቢ ያምረዋል።

ይህ ብርድ የከተማችን ታሪክ አካል ነው። ምኒልክ በእንጦጦ ከትመው ሳለ ከአናቱ ላይ ብርዱ የበረታ፣ የማገዶ እንጨቱም የሳሳ ነበር። እቴጌ ጣይቱ የፍልውሃውን ሜዳ ወደዱት፤ አዲስ አበባም በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች። ስለዚህ ዋና ከተማችን ከተወለደችባቸው ምክንያቶች አንዱ ከዚህ ተራራ አየር መሸሽ ነበር ማለት ይቻላል። እኛ ደግሞ ዛሬ በተቃራኒው ለመዝናናትና ለመጸለይ ወደ ላይ እንወጣለን። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ልጆቻቸውን ይዘው የሚወጡ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው።

በዚያች ቅዳሜ አቀበቱን ስንያያዝ ከባድ የእንጨት ሸክም በጀርባቸው ያዘሉ እናት ቁልቁል ሲወርዱ አገኘናቸው። መንገድ ለቀን ቆምን።

«ልጆቼ፣ ወዴት ናችሁ?» አሉን።

«እማማ፣ እስከ አናቱ ወጥተን ልንጸልይ ነው።»

«ጸሎቱስ መልካም ነው። ብቻ ከስምንት ሰዓት በፊት ውረዱ። የዚህ ተራራ ዝናብ ሰዓቱን ያውቃል።»

አመስግነን አለፍን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሰማዩ ብሩህ ስለነበር ምክራቸውን ብዙም ቁም ነገር አላልሁት።

ዝናቡ ለምን ሰዓት ያውቃል?

እናታችን የተናገሩት በልምድ የተገኘ ሳይንስ ነው። የክረምቱ እርጥበት ከአትላንቲክና ከሕንድ ውቅያኖስ በነፋስ ተጭኖ ይመጣል። ባሕር የለንም ብንልም፣ በየዓመቱ ባሕሩ ራሱ ደመና ሆኖ እንጦጦን ይወጣል ማለት ነው። ጠዋት ፀሐይ ምድሩን ታሞቃለች። የሞቀው አየር ሽቅብ ይነሣል፤ ተራራውም እየገፋ የበለጠ ያነሣዋል። ከፍ ባለ ቁጥር ይቀዘቅዛል፣ እርጥበቱም ደመና ይሆናል። ለዚህ ነው በሐምሌና በነሐሴ ብዙ ጊዜ ጠዋቱ ፈክቶ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ፣ በረዶና ዶፍ የሚወርደው። አዲስ አበባ በዓመት ከ1100 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። ከዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ የሚወርደው በእነዚህ ሁለት ወራት ብቻ ነው።

ከአናቱ ስንደርስ ጸለይን፣ ዘመርን፣ የያዝነውን ዳቦ ቆርሰን በላን። ሰዓቱ ስምንት አለፈ። ከዚያ ነጎድጓዱ ከሩቅ ጉርምርም አለ። ወዲያው ጭጋጉ ዛፎቹን ዋጣቸው።

እዚህ ላይ ስለ መብረቅ ጥቂት ልንገራችሁ። ቀይ ልብስ መብረቅ ይስባል ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። መብረቅ ግን የልብስ ቀለም አይመርጥም፤ ከፍ ያለውንና ብቻውን የቆመውን ነገር መምታት ይቀናዋል። ስለዚህ ዝናብ ሲመጣ ረጅም ባሕር ዛፍ ሥር መጠለል ከሁሉ የከፋ ምርጫ ነው። ብልጭታውን ካያችሁበት ቅጽበት ጀምሮ ነጎድጓዱን እስክትሰሙ በሰከንድ ቁጠሩ። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ቁጥሩ ከ30 በታች ከሆነ አደጋው ቅርብ ነውና በደንብ ወደተሠራ ቤት ወይም መስኮቱ ወደተዘጋ መኪና ግቡ። የመጨረሻውን ነጎድጓድ ከሰማችሁ በኋላም 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትውጡ። መብረቅ የመታውን ሰው መንካት አይገድልም፤ በሰውነቱ ውስጥ የቀረ ኤሌክትሪክ የለምና ፈጥናችሁ እርዱት።

እኛ ይህን ሁሉ አናውቅም ነበር። በሩጫ ስንወርድ በረዶው ራሳችንን እየቀጠቀጠ ከአንዲት ሱቅ ውስጥ ገብተን ተጠለልን። ባለሱቁ በርጩማ ሰጠን። ከደጃፉ የመንገዱ ውሃ እየጎረፈ ድንጋይ ያንከባልል ነበር። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ አባራ።

ወንዙ ዳር

አሁን ልብ በሉ። ወደ ታች ስንወርድ መሬቱ እየደረቀ መጣ። ታችኛው ሰፈር ጠብታ እንኳ አልወረደበትም፤ ሴቶች ልብስ አስጥተው ነበር። ወደ ቀበና ከሚገባ አንድ ትንሽ ወንዝ ዳር ደረስን። ሰዉ ድንጋይ ድንጋዩን እየረገጠ የሚሻገረው ነው፤ ውሃው ቁርጭምጭሚት አይሞላም። ማዶው የታክሲ መንገድ ነው። ድልድዩን ብለን ብንዞር ሃያ ደቂቃ ያስኬደናል።

እኔ ሱሪዬን መጠቅለል ጀመርሁ። ባለቤቴ ክንዴን ያዘችኝ።

«በድልድዩ እንዙር» አለችኝ።

«ምን ነካሽ? ውሃው እኮ ጫማ አያርስም። ሁልጊዜ አንቺ እንደፈራሽ ነው።»

«ላይ እንዴት እንደዘነበ አብረን አይተናል። ያ ሁሉ ውሃ የት ሄደ?»

መልስ አልነበረኝም። መልስ የሌለው ባል ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ፤ ተቆጣሁ። በጌታ ታምነን ብንሻገር ምን አለበት ብዬ መንፈሳዊ ቃል ጨመርሁበት። እንዲህ ቆመን ስንከራከር አንድ ወጣት ጀሪካን ይዞ በአጠገባችን አልፎ ወደ ወንዙ ገባ።

መጀመሪያ የተለወጠው ቀለሙ ነው። ጥርት ያለው ውሃ ሻይ መሰለ፤ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክሞ መጣ። ቀጥሎ ሙሉ ጭነት የያዘ ሲኖትራክ ዳገት ሲወጣ የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ ከላይ ሰማን። ወጣቱ ከመካከል ደርሶ ነበር። ቀና ብሎ አየ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፣ ውሃውም እግሩን ጠለፈው። ጀሪካኑ በአንድ አፍታ ከዓይናችን ተሰወረ። እርሱ ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ላይ ተጠመጠመ።

ወደ ውሃው ልወረወር ስል ጋቢ የለበሱ አንድ አዛውንት «አትግባ! ሁለት ሬሳ አታስቆጥረን!» ብለው ጮኹብኝ። ከአጥሩ ሥር ከተቆለለው ረጅም አጠና መዘው ሰጡን። ሦስት ሰዎች ተያይዘን አጠናውን ዘረጋንለት፤ ያዘው፣ ጎተትነው፣ ወጣ። ጉልበቱ ደምቶ ነበር፤ ከንፈሩ እየተንቀጠቀጠ ደጋግሞ «አልዘነበም እኮ፣ አልዘነበም እኮ» ይል ነበር።

እውነቱን ነው፤ እርሱ ባለበት አልዘነበም። ወንዝ ግን የሚሞላው በላያችን ባለው ሰማይ አይደለም። ባለቤቴን ይቅርታ የጠየቅኋት ወደ ድልድዩ ስንዞር፣ በመንገድ ላይ ነው። ሃያ ደቂቃ ለመቆጠብ ብዬ ሁለታችንንም ላሳጣ ነበር።

ውሃው ሲቆጠር

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 30 ሚሊ ሜትር የሚሆን ኃይለኛ ዝናብ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ቢወርድ 30 ሚሊዮን ሊትር ይሆናል። በባለ 200 ሊትር በርሜል ብንቆጥረው 150 ሺህ በርሜል ማለት ነው። ሣርና ጫካ ባለበት መሬት ብዙውን ይመጠዋል። ቆርቆሮ፣ ኮብልስቶንና አስፋልት ግን አይመጡም። ከታች ያለው ቦይ ደግሞ እኛው በጣልነው ፌስታልና ፕላስቲክ ከተደፈነ ውሃው በየበሩ መንገድ ይፈልጋል።

ከእንጦጦ ቁልቁለት የሚወርደው ቀበና ግንፍሌን ተቀብሎ ወደ ታላቁ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አባ ሳሙኤልና ወደ አዋሽ ይሄዳል። አዋሽም ባሕር አይደርስም፤ በአፋር፣ በጅቡቲ ድንበር ባለው አቤ ሐይቅ ያበቃል። «ግንፍሌ» የሚለው ስም «ገነፈለ» ከሚለው ቃል ጋር መመሳሰሉን አስተውላችኋል? ድስት ሲገነፍል ማስጠንቀቂያው አጭር ነው፤ የተራራ ወንዝም እንዲሁ ነው።

የሚሮጥ ውሃ ጉልበቱ ያታልላል። 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ፈጣን ጎርፍ ትልቅ ሰው ሊጥል ይችላል። 30 ሴንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ሊገፋ፣ 60 ሴንቲ ሜትር ደግሞ አብዛኛውን መኪና ተሸክሞ ሊሄድ ይችላል። «መኪናዬ ከፍ ያለ ነው» ብላችሁ ልጆቻችሁን ጭናችሁ ጎርፍ ውስጥ አትግቡ።

ከእኛ ወንዝ ባሻገር

ይህ ነገር በየካ ብቻ የሚሆን እንዳይመስላችሁ። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የድሬዳዋው ደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን በተኙበት ወሰደ። ደቻቱ በአብዛኛው ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ውሃው የመጣው ግን ከላይ፣ ከደጋው ነበር። ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. በኢንዶኔዥያ ሱማትራ ደሴት አጠገብ ከባሕር በታች ምድር ተናወጠች። ከሰዓታት በኋላ ማዕበሉ ከ4000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ በጎረቤታችን በሶማሊያ ጠረፍ ዓሣ አጥማጆችን ገደለ። እነዚያ ሰዎች መንቀጥቀጡን አልሰሙም፤ ሰማያቸውም ጥርት ያለ ነበር። ባሕርም ሆነ ወንዝ፣ ነገሩ አንድ ነው፤ አደጋው የሚነሣው እኛ ከሌለንበት፣ የሚደርሰው ግን እኛ ካለንበት ነው።

አዛውንቱ «አትግባ» ያሉኝም ትርጉሙ የገባኝ ኋላ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ከኃይለኛ ዝናብ በኋላ መሬት ተንዶ ቤተሰቦችን ቀበረ። ጎረቤት ሊያወጣቸው ተሯሩጦ በእጁ ሲቆፍር ሳለ ሁለተኛው ናዳ በላያቸው ወረደ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ለማዳን የመጡ ነበሩ። ፍቅራቸው አያስወቅሳቸውም። እኛ ግን ከእነርሱ እንማር። ለማዳን ስንሮጥ አስቀድመን ወደ ላይ እንይ። ገመድ፣ አጠና፣ ነጠላም ቢሆን እንወርውር እንጂ ወደ ውሃው አንግባ። በአዲስ አበባ ለእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ ደግሞ 907 ደውሉ።

ቤታችሁ የት ነው?

ጌታችን ስለ ሁለቱ ቤት ሠሪዎች በማቴዎስ ምዕራፍ 7 የተናገረውን ሁላችን በሰንበት ትምህርት ቤት ተምረነዋል። አንድ ነገር ግን ብዙ ጊዜ እናልፋለን፤ የብልኁ ሰው ቤት ላይ የወረደው ዝናብ ከሌላው ቤት ዝናብ አላነሰም። ጎርፉ ለሁለቱም መጣ። ልዩነቱ የነበረው ፀሐይ በነበረ ጊዜ በተሠራው ሥራ ነው።

እርግጥ በወንዝ ዳር የሚኖር ሁሉ ሞኝ ሆኖ አይደለም። የቤት ኪራይ የገፋው፣ ሌላ ያጣ ብዙ ነው። ባለፉት ዓመታት የቀበና ወንዝ ዳርቻ ብዙ ሥራ ተሠርቶበታል፤ ሆኖም በየገደሉ አፋፍና በየቦዩ ጥግ የሚኖሩ ወገኖች ዛሬም አሉ። ምናልባት በእሑድ አምልኮ አጠገባችሁ የሚቀመጡት ናቸው። እንዲህ ያለ ቤት ካላችሁ የጓሮውን አፈርና ግድግዳውን ተመልከቱ። አዲስ ስንጥቅ ከታየ፣ ዛፍ ወይም አጥር ካዘመመ፣ ከተዳፋቱ ያልተለመደ ጭቃማ ውሃ ከፈለቀ፣ ዕቃ ለመሰብሰብ ሳትዘገዩ ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ። ቤተ ክርስቲያንም ልታደርግ የምትችለው አለ። በሰኔ ወር ከወንዝ ዳር የሚኖሩ ምእመናንን ለይቶ ማወቅ፣ በጎርፍ ሌሊት የአዳራሹን ቁልፍ ማን እንደሚከፍት መወሰን ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

አንድ ሌላም አለ። በዝናብ በስብሳችሁ ቤት ስትገቡ ከሰል አቀጣጥሎ፣ በር ዘግቶ መሞቅ ያምራል። የከሰል ጢስ ግን ሽታም ቀለምም የሌለው መርዝ አለው፤ የተኛውን ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ስለዚህ ከሰል ያለበት ቤት መስኮቱ ይከፈት፤ ከመተኛታችሁ በፊትም ምድጃው ውጭ ይውጣ።

ዛሬ ማታ

ባለትዳሮች ሆይ፣ ለእናንተ የቀረኝ ቃል ይህ ነው። በዚያ ወንዝ ዳር እኔ እምነት ያልሁት ችኮላ ነበር፤ በባለቤቴ ላይ ፍርሃት ያልሁት ደግሞ ማስተዋል ነበር። ጌታችን ከቤተ መቅደስ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር በተፈተነ ጊዜ፣ እግዚአብሔርን መፈታተን እምነት እንዳልሆነ አሳይቶናል። በምሳሌ 22፥3 ያለውንም ዛሬ ማታ አብራችሁ አንብቡት። ብልኅ ሰው ክፉን አይቶ የሚሸሸገው እምነት ስላጣ አይደለም።

ካነበባችሁ በኋላ ሦስት ነገር ተነጋገሩ። ጎርፍ ቢመጣ ቤተሰባችን በየት በኩል ይወጣል? ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የሚሻገሩት ወንዝ አለ ወይ? ከሁለታችን አንዳችን «አይሆንም፣ እንዙር» ካልን ሌላው ሳይከራከር ይሰማል ወይ? የመጨረሻውን ቃል ኪዳን እኔና ባለቤቴ ከዚያች ቅዳሜ ጀምሮ ጠብቀነዋል።

እንጦጦን አትፍሩት፤ ውጡ፣ ጸልዩ፣ ልጆቻችሁን አስቦርቁ። ብቻ በጠዋት ውጡ፣ ከስምንት ሰዓት በፊት ውረዱ። ወንዝ ዳር ስትደርሱም፣ ታች ምንም ያህል ፀሐይ ቢሆን፣ ቀና ብላችሁ ወደ ተራራው ተመልከቱ። ደመና ከተጫነው «ያ ሁሉ ውሃ የት ሄደ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ እስኪታወቅ ድረስም በድልድዩ ዙሩ።

ጌታ ቤታችሁን ይጠብቅ።